በሚስማር የተለካ እጅጌ

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የደንብ ልብስ ስፌት ቤቱ የንብ ቀፎ ይሆናል። ጨርቅ በአንዱ በር ይገባል፣ ሸሚዝ ሆኖ በሌላው ይወጣል። መሐል ያሉት ሠራተኞች ሰማዩ ይጥቆር ይጥራ የሚያውቁት ወደ ቤት ሲሄዱ ነው። እያንዳንዷ የምትሰፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ እጅጌ። የቤት ስማቸውም የሚወጣው በዚያው ነው። እጅጌ ሲሰፉ ሃያ ዓመት የሞላቸው ሴት እትዬ እጅጌ ናቸው። ልብስ የሚተኩሱት ሽማግሌ ጋሼ ካውያ ናቸው። ቁልፍ የምትተክለዋ ወጣት ግን ከቁልፏ ይልቅ ዝምታዋ ጎልቶ ስለታየ ጭምቷ ተብላ ቀረች።

ጭምቷ በዚያ ሰሞን ሹራብ ይዛ ነበር። ታናሽ ወንድሟ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ፣ ቅዳሜ ማለዳ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ወደሚገባበት ተራራማ ከተማ ሊሄድ ነው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጁ እስከ ዛሬ የለበሰው ሁሉ ከሌላ ሰው ትከሻ የወረደ ነበር፤ አንዱ ሲሰፋው ሌላው ሲጠበው አደገ። ለእሱ ተለክቶ የተሠራ አንድ ልብስ ሳይለብስ ከቤት እንዳይወጣ ለራሷ ቃል ገባች። ግራጫ ክር ገዛች፣ ክንዱን በሜትር ለክታ በወረቀት ጻፈች፣ ጀመረች።

ፊትና ጀርባው በአውቶቡስ ምልልስ አለቀ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ግን የሹራብ ሽቦውን እንደያዘች እንቅልፍ ጣላት። እትዬ እጅጌ ክሩን ከጭኗ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። ስትነቃ፣ እጅጌውን ለእሳቸው እንድትተው፣ እጅጌ ለእሳቸው የእንጀራ ገመድ መሆኑን ነገሯትና ልኩ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብለው ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት። ጭምቷ ልታመሰግን ፈልጋ አፏ ተሳሰረ። በማግሥቱ ቀድማ ገብታ ወንበራቸውን ወልውላ ጠበቀቻቸው፤ እሳቸውም ገባቸው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ እጅጌ ዕረፍት በሆነ ቁጥር ሻያቸው እየቀዘቀዘ ሽቦውን ያነሣሉ። ሲሠሩ ዓይናቸው ሥራው ላይ አልነበረም። ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ አንድ ሚስማር ተመትቷል፤ የሸሚዝ እጅጌ የሚታጠፈው ጫፉ እዚያ ሲደርስ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ጣታቸው ሚስማሩን ነካ ማለት ሥራ አለቀ ማለት ነበር። የሹራቡ እጅጌም ሚስማሩ ጋ ሲደርስ አለቀ። ወረቀቱ ከኪስ አልወጣም።

ዓርብ በምሳ ሰዓት አራቱ ቁራጮች በካውያው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ጋሼ ካውያ ቀረብ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ።

"ወንድምሽ ስንተኛ ክፍል ነው የሚያስተምረው?"

"ሰባተኛ።"

"እንግዲያው ለተማሪው ልኩ ነው።"

እትዬ እጅጌ ያን ጊዜ ወረቀቱን አወጡ። ሜትሩ ከአንድ ስንዝር በላይ ይጎድላል አለ። ፊታቸው ደም መሰለ። ሚስማሩን ረገሙ፣ ሃያውን ዓመት ረገሙ፣ ከዚያ የሚረግሙት ጠፋ። እጅጌው ስላጠረ ክር ተርፏል። የሌለው ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ሸሚዝ ይጭናል፤ ቁልፍ የቀረው ክምር ደግሞ ጭምቷ ወንበር አጠገብ ተራራ አክሏል።

ኃላፊዋ የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። በሌለችበት ስሟ ደቂቃ ነው፤ ውሃ ለሚጠጣ እንኳ ትቆጥራለች ይሏታል። ጋሼ ካውያ ሹራቡን በሸሚዝ ሊሸፍኑ ሞክረው አልደረሱም። እጅጌዎቹን አየች፣ የእትዬ እጅጌን ፊት አየች፣ ሹራቡ ለማን እንደሆነና መቼ እንደሚፈለግ ጠየቀች። ጋሼ ካውያ ነገሯት። መነጽሯን አድርጋ ጭምቷ ወንበር ላይ ተቀመጠችና መርፌው ላይ ክር አስገባች።

ጭምቷ ተገትራ ቀረች።

"ምን ታያለሽ?" አለች ኃላፊዋ ቀና ሳትል። "ቁልፉን የማን እጅ እንደተከለው ሸሚዙ አይናገርም። አንቺ አንዱን ያዢ፣ እትዬ አንዱን ይያዙ። ሚስማሩ ጋ ግን እንዳትቀመጡ።"

የእጅጌዎቹን ጫፍ ፈትተው ወደ ታች ቀጠሉ። ጭምቷ ከሽቦዋ ላይ ዓይኗን እያነሣች ኃላፊዋን ሰረቅ አድርጋ ታያለች። ስድስት ዓመት ያየቻት ቆማ ነው፤ መስፋት መቻሏንም አስባው አታውቅም። ሴትየዋ ክሩን በየቁልፉ አራት ጊዜ ታመላልሳለች፣ ሥሩን ትጠመጥማለች፣ በጥርሷ ሳይሆን በመቀስ ትቆርጣለች። መቶኛውም ያው እንደ መጀመሪያው ነበር። ጭምቷ ሲደክማት ሦስት ጊዜ ብቻ እያመላለሰች የምታልፋቸው ሸሚዞች ትዝ አሏትና አንገቷን ደፋች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለቱም እጅጌዎች ልካቸውን ያዙ። ኃላፊዋ ተነሥታ ጣቶቿን ጨብጣ በጭምቷ እጅጌ ጫፍ አስገባች። አላለፈም።

"ጠብቋል፤ ይፈታ" አለች፣ ስለ ሸሚዝ በምትናገርበት ድምፅ።

ጋሼ ካውያ፣ ልጁ ጡረታ ሲወጣ ይደርስለታል ብለው አጉረመረሙ። አምስት መስመር ተፈታ፣ ላላ ተደርጎ እንደገና ተሠራ። እትዬ እጅጌ እጅጌዎቹን ከትከሻው ጋር አገጣጠሙ። ጋሼ ካውያ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው በእንፋሎት አለሰለሱት፤ በዚህን ጊዜ አልቀለዱም። መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ የመጨረሻው ሸሚዝ ቁልፉ ተተክሎለት ነበር። ጭምቷ ለኃላፊዋ የምትለውን ቃል ስትፈልግ፣ ኃላፊዋ ነገ እስከ ሦስት ሰዓት እንደማትጠብቃት ነግራት ሸሚዝ ልታስጭን ወጣች።

ቅዳሜ ማለዳ ወንድሟ ሹራቡን አጠለቀና ሁለት ክንዱን ወደ ፊት ዘረጋ። እጅጌው የእጁ አንጓ ላይ ደርሶ ቆመ። ልጁ ክንዱን ቶሎ አላወረደም።

"በዚህ ሁሉ ሥራ መሐል መቼ ሠራሽው?"

"እኔ ብቻ አይደለሁም" አለች።

ሻንጣውን በሁለት በኩል ይዘው መንገድ ሲጀምሩ እሷ ከሰኞ ጀመረች። እንዴት እንቅልፍ እንደጣላት፣ ማን ክሩን እንዳነሣ፣ እያንዳንዳቸው ምን እንዳሉና እንዴት እንዳሉት ነገረችው። ይህን ያህል ስታወራ ሰምቷት አያውቅም፤ አንድም ጊዜ አላቋረጣትም። ተሳፍሮ ሲቀመጥ ወሬው ገና ኃላፊዋ ጭምቷ ወንበር ላይ የተቀመጠችበት ጋ ደርሶ ነበር። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ።

ወንድሟ መስኮቱን ወደ ጎን ገፍቶ አንገቱን አወጣ።

"ከዚያስ?" አላት።

ጭምቷ ከአውቶቡሱ ጎን ጎን እየተራመደች ቀጠለች።