ሁሉንም የመለሰችው

በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ካውያ የምትይዘውን ሴት ባልደረቦቿ «ተፈታኟ» ይሏት ነበር። የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሳትመዘገብ ያለፈችበት ጊዜ የለም። አጣቢዋ ጓደኛዋ፣ «ሰው ሁሉ ወደ ፈተና አታግባን ብሎ ይጸልያል፤ አንቺ በሩን አንኳኩተሽ ትገቢያለሽ» እያለች ታሾፍባታለች። እሷም አብራ ትስቃለች።

ዘንድሮ ግን ሳቁ ቀረ። ማስታወቂያው ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነው አይመዘገብም ይላል፤ እሷ ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ ሠላሳ ስድስት ትደፍናለች። ይህ ካመለጣት ሌላ የለም።

ስለዚህ የአጠናን ዘዴዋን ለወጠች። እስከዚያ ድረስ ወፋፍራም መጻሕፍት እየተዋሰች ነበር የምታነበው። ፈተናውን በሚያወጣው መሥሪያ ቤት አጥር ጥግ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሰውዬ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ይሸጣል ሲባል ሰምታ ሄደች። ሰውዬው ወረቀቶቹን እያስተካከለ፣ አዲስ ጥያቄ ማውጣት ላብ እንደሚጠይቅ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ያሉት ደግሞ ላብ እንደማይወዱ ነገራት። ያለውን ሁሉ ገዛችው። አንዳንዱ ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲነሳ ፊደሉ ጠፍቷል፤ የጠፋውን በእስክሪብቶ እየሞላች አደሰችው።

ትምህርቱን ጨርሶ ከአልጋ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ የሚመላለስ ታናሽ ወንድም ነበራት። እሱንም አስመዘገበችው። ከሥራ ስትገባ እጇን ታጥባ በረንዳው ላይ ታስቀምጠውና ትጠይቀዋለች። ልጁ ግማሹን ያውቃል፣ ግማሹን ይገምታል። እሷ ግን ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ መልሱን ትናገራለች። አባታቸው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የአውቶቡስ ሾፌርነቱን ትተው ቤት ውለዋል፤ ከውስጥ ሆነው ሲሰሙ የመልሱን ፊደል ሁሉ ሸመደዱት። ልጁ ሲደናገር፣ «ሐ ነው፣ አንተ ሰነፍ» ይላሉ። ጥያቄው ምን እንደሆነ ግን አያውቁትም።

የፈተናው ዕለት ወረቀቱን ገልብጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች። ታውቀዋለች። ሁለተኛውንም ታውቀዋለች። ገጹን ገለጠች። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣው ፈተና ነው፤ ነጥቡ እንኳ አልተነካም። ትክክለኛ መልስ የሌለው የተበላሸ ጥያቄ ነበረበት፤ እሱም ከነጥፋቱ እዚያው ተቀምጧል። መጀመሪያ ፈራች። ቀጥሎ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ። ሁሉንም መለሰች።

ሲወጡ ወንድሟ በጆሮዋ፣ ያ የበረንዳው ወረቀት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቃት። «እግዜር ሲሰጥ ከየት አመጣኸው አይባልም» አለችው። ያን ቀን ለአባቷ አዲስ ሸሚዝ ገዝታ ገባች።

ውጤቱ በተለጠፈ ጊዜ የወንድሟ ስም ካለፉት ውስጥ ነበር፤ ከታች አካባቢ። የእሷን ስም ሦስት ጊዜ ፈለገችው። ያገኘችው ለብቻው በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው፤ ፈተናውን አስቀድመው በማግኘት ስለተጠረጠሩ ውጤታቸው ከተሰረዘ ሰዎች ጋር። እጅግ ከፍ ያለ ያመጡት ሁሉ እዚያ ተደርድረዋል።

ክው ብላ ቆመች። ከዚያ ቤቷ ሮጣ አሮጌውን ፈተና ይዛ ተመለሰችና የቅጥር ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሰውዬው የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፤ ሁለተኛውን ገለጠ። ፊቱ ሲለወጥ አየች። እንደገባው አወቀች። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«በራችሁ ላይ ይሸጣል።»

«እንግዲህ ፈተናው እጅሽ ላይ እንደነበረ በራስሽ አፍ ተናገርሽ።»

«የድሮ ፈተና እኮ ነው ጌታዬ። አልሰረቅሁም፤ አጠናሁ።»

«ኮሚቴው ወስኗል፣ እህቴ። በሚቀጥለው ተመዝገቢ።»

«ዕድሜዬ ያልፋል።»

ኃላፊው ወደ በሩ ተመለከተ። የዕድሜው ነገር እንኳ የእኔ ሥልጣን አይደለም አለ።

ወረቀቷን ብትጠይቅ ለማስረጃ እዚያው ይቆያል አላት። ፎቶ ኮፒ ወደሚያነሳው ሰውዬ ሄደች፤ ምስክር ይሆነኛል ብላ። ሰውዬው አሮጌዎቹን ፈተናዎች ከመደርደሪያው አንስቷቸው ነበር። ልጆች አሉኝ፣ ስሜን አታንሺብኝ ብሎ ለመናት።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ጎረቤቱ ፈተና ገዝታ ተያዘች አለ። ማጠቢያ ቤት ልብስ የሚያመጡ ደንበኞች ዓይኗን እየሸሹ የተተኮሰውን መቀበል ጀመሩ። አጣቢዋ ማሾፏን ተወች፤ ይሄኛው ከሁሉ በላይ አንጀቷን አቃጠለው።

ወንድሟ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ፣ እኔም ያጠናሁት ያንኑ ነው ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ ቆማ ከለከለችው። «ብትናገር አንተንም ይሰርዙሃል። ከአንድ ቤት አንድ የወደቀ ይበቃል» አለችው። ልጁ አለቀሰ። ስንት ጊዜ አልሸመደድክም ብላ ተቆጥታው ነበር፤ ያዳነው አለመሸምደዱ ነው። ይህን ስታስብ ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ወንድሟ ሥራ በጀመረበት ጠዋት አልተነሳችም። ከክፍሏ ሆና ጫማውን ሲጠርግ፣ አባታቸው ኮሌታውን ሲያስተካክሉለት ሰማች። ልጁ በሯ ላይ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ልሄድ ነው» አለ። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ በርታ አለችው።

አባቷ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ» አሉ። «ስትማሪ፣ የተማረ አይወድቅም ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

አይደለም ልትላቸው ፈለገች። አባቷ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ እንደያዙ ተቀመጡ፤ ውጭ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። የማጠቢያ ቤቱ መክፈቻ ሰዓት አለፈ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።