ከውስጥ የሚከፈት በር

እዚህ ቤት ስለ ትምህርት ሲወራ ወደ እኔ የሚዞር ሰው የለም። ፊደል አልቆጠረችም ብለው ነው። ልጄ ደጀኔማ «እማዬ፣ ይሄ አይገባዎትም» ብሎ ሻይ ያቀርብልኛል። ሻይ ማን ጠየቀው?

የልጅ ልጄ ሀሴት ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በመርከብ ልትሄድ አንድ ቀን ቀርቷት ነበር። ስዊድን አገር፣ አካላ በሚባለው ሰፈር ቤታችን ተሰብስበን ሳለ የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ በስዊድንኛ ከስልኳ ታነባለች፤ ደጀኔ ደረቱን ነፍቶ ይተረጉምልኛል። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው አለኝ። መጀመሪያ የነበረው ቱርኩ የምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ተቃጠለች። መጻሕፍቱ ነደዱ፣ ሃያ ሰባት ሰው ሞተ፣ ዩኒቨርሲቲውም በዓመቱ ወደ ሄልሲንኪ ዞረ።

«ማን ለኮሰው?» አልኩ።

«የአንድ ነጋዴ ቤት ሠራተኛ ናት ተብሎ ተወርቶ ነበር» አለ ደጀኔ።

«ሌላ ማንን ሊሉ ኖሯል?»

ሀሴት ሳቀች። እኔ ግን ብርጭቆውን አስቀምጬ የተዘጋውን በር ከፈትኩት።

«እማዬ፣ ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ። ምን ያስፈራዎታል?»

ነገርኩት። በአሥራ አራት ዓመቴ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ እመቤቴ ሠርግ ስትሄድ ሰርቪስ ቤቱን ከውጭ ቆለፈችብኝ። ሠራተኛ እንዳትጠፋ ይቆለፍባት ነበር። ከዋናው ቤት የተነሣው እሳት እኔ ጋ ሲደርስ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል፤ በሩን ብገፋው፣ ብገፋው አይሄድም። ጭሱ አፌን ሞላው። ጎረቤት ግድግዳውን በመጥረቢያ ባይበረቅሰው አልቆልኝ ነበር። ኋላ ለኮሰች የተባልኩትም ያው የተቆለፈብኝ እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ የተዘጋ በር ሳይ ላብ ያጠምቀኛል።

ደጀኔ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሀሴት አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ያን ዕለት ግን በአማርኛ «አያቴ፣ ልቅር?» አለችኝ።

«ማን ቅሪ አለሽ? በእኔ ፍርሃት አንቺ ፊደል ልታጪ ነው? ትሄጃለሽ። ግን ሳልመርቅሽ ቃል ትገቢልኛለሽ። መርከቡ ላይ መኝታ ክፍልሽ፣ እዚያም ማደሪያሽ ስትገቢ፣ ሻንጣሽን ሳታወርጂ በሩን ከውስጥ ቆልፊና ዓይንሽን ጨፍነሽ በእጅሽ ዳብሰሽ ክፈቺው። ሦስት ጊዜ። ስልክ ደውለሽልኝ ነው የምትከፍቺው፤ ሲከፈት በገዛ ጆሮዬ ልስማው።»