አንድ ማንኪያ ማር

ሪያድን ከውጭ ላየው እንከን አልነበረበትም። ጉዱ አፉ ውስጥ ነው፤ ላንቃው ተሰንጥቆ ስለተወለደ ወተት ሲጠጣ በአፍንጫው ይመለሳል፣ ሲናገር ድምፁ በዚያው ያመልጣል። አምስት ዓመት ሞልቶት «አባ» ሊል ሲል «አማ» ይሆንበታል። የሰፈር ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ሲቀልዱበት እናቱ ኡሙልኸይር እርር ድብን ትል ነበር።

ላንቃ የሚሰፉት ሐኪሞች ጅማ የሚመጡት በዓመት አንዴ ነው። አምና ከሚኖሩበት ከሊሙ ገነት ይዛው ብትሄድ፣ ማደንዘዣ የምትሰጠው ልያ ደረቱን አዳመጠችና፣ ጉንፋን ስላለበት ሲተኛ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል ብላ መለሰቻቸው። ኡሙልኸይር አመስግና ወጣች፤ መንገዱን ሙሉ ግን ስትረግማት ነው የገባችው። በሳል ደግሞ ማን ሞቶ ያውቃል ነበር ነገሯ።

ዘንድሮ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ልጁ ማሳል ጀመረ። ለባሏ ለኑሪ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። በቀጠሮው ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ ምንም እንዳይቀምስ የተባለውን ልጅ በሻርፗ ከልላ አንድ ማንኪያ ማር አላሰችው። ሳሉ ጸጥ አለ። የእናት አንጀት ነው እንግዲህ፤ ልፍረድባት ቢሉም አይሆንም።

ልያ ደረቱን ደጋግማ አዳመጠች። ንጹሕ መሰላት፤ ቢሆንም ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ሰሞኑን አስሎታል? ዛሬስ የቀመሰው ነገር አለ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።»

«ወላሂ ምንም የለም፣ ሲስተር።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሱ የፈሰሰው ቡና ሲሆን ነው።

ቀትር ላይ ልያ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ብቻዋን ወጣች። ልጁ እንቅልፍ እንደወሰደው ጉሮሮው ተዘግቶ፣ ብዙ ታግለው እንዳልተመለሰላቸው ለኡሙልኸይርና አብሯት ለመጣው ለኑሪ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ኑሪ ኢንና ሊላሂ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። የአላህ ቀደር ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ ብሎ ልያን ሊያጽናናት ሞከረ። ልያ ራሷን ነቀነቀች።

«ያለፈኝ ነገር አለ» አለች። «ምን እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።»

ኡሙልኸይር ዝም ብትል የሚያውቅባት ሰው አልነበረም። ይህቺ ልጅ ግን ጥያቄዋን ይዛ ነገ የሌላ ሰው ልጅ ልታስተኛ ነው። የኡሙልኸይር ጣት ገና ማር ማር ይሸታል።

«አላለፈሽም» አለቻት። «ያስል ነበር። ሳሉን እንዳትሰሚበት ጎህ ሲቀድ ማር ያላስኩት እኔ ነኝ።»

ኑሪ ከግድግዳው ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።