የከፈለኝ ልጅ

ሳህሉ ወፍራሙን ካፖርት ከሚዛን ከተማ ሰልባጅ ተራ ሲገዛ፣ ሻጩ ኸይሩ «ጋሽ ሳህሉ፣ በዚህ ወበቅ ይህን የሚለብሱት ለሙሽርነት ነው ወይስ ለእብደት?» ብሎ አሽሟጠጠው።

«በክረምታቸው ፀሐይ የማትወጣበት አገር ልሄድ ነው» አለ ሳህሉ ደረቱን ነፍቶ። «ልጄ ትሕትና ትሮምሶ በሚባል የኖርዌይ ከተማ ነርስ ናት። በታኅሣሥ ትወልዳለች። አባዬ ካጠገቤ ካልሆነ ብላለች።»

«በረዶ ላይ ቡና ሊያሰጡ ነዋ!»

ተራው ሁሉ ሳቀ። ሳህሉ ግን አልሳቀም፤ የሳቀበትን ሰው አይረሳም።

ሸዋ ቤንች ወረዳ ባለው ቤቱ ስንቁ አልጋ ሥር ተደርድሯል። ሚስቱ አማረች ለአራሷ ያሰናዳችው የገንፎ ዱቄትና ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ራሱ ለቅሞ ያደረቀው ቡና። በረዶው እንዳያንሸራትተው ትሕትና ባለ ምስማር ጫማ ገዝታ ትጠብቀዋለች። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ከሆነ ሰው በምን አውቆ እንደሚነሣ እንኳ ጠይቋታል።

የቀረው አባትነቱን የሚያሳይ ወረቀት ነበር። አማን ከተማ ወርዶ ማዘጋጃ ቤቱን ጠየቀ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ አየችና «ትሕትና ከፈለኝ ነው የሚለው። እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለችው።

ከፈለኝ ታናሽ ወንድሙ ነው። አባታቸው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማስተማር ሲችል ከፈለኝን መረጠ፤ ሳህሉ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ቡና ጠባቂ ሆነ። ከፈለኝ በመምህርነት የተመረቀ ቀን ቤተሰቡ ፎቶ ሲነሣ፣ ሳህሉን «በቅሎዋን ያዝ» ብለው ገለል አደረጉት። ሠላሳ ዓመት አለፈው። ልጓሙ እስከ ዛሬ መዳፉን ይቆረቁረዋል።

ትሕትና ለትምህርት ስትደርስ አማን ከአጎቷ ቤት ገባች፤ ብዙ ዘመድ እንደሚያደርገውም በአሳዳጊዋ ስም ተመዘገበች። ሳህሉን የሚያንገበግበው፣ ይህን ያለው ከፈለኝ አለመሆኑ ነው። ራሱ ሳህሉ ነበር «የመምህር ልጅ ስትባል ያከብሯታል። በእኔ ስም ማን ዞር ብሎ ያያታል?» ያለው።

የዚያኑ ዕለት ደወለላት። «ፍርድ ቤት ምስክር አቁሜ ስሙን አስለውጣለሁ» አላት።

«አባዬ፣ ፓስፖርቴም፣ ዲፕሎማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ከፈለኝ ነው የሚለው። አሁን አባቴ ሌላ ሰው ነው ብል ዋሽተሻል ይሉኛል። እዚህ አይቀልዱም። በዚህ ሆዴ…» መጨረስ አቃታት።

«ተይው በቃ። አታልቅሺ። ስሙ የተጻፈው ይምጣ።»

ስልኩን ሲዘጋ አማረች ጮኸችበት። «አንተ ሰውዬ! ልጄ ናት ብለህ አትሟገትም?»

«ከማን ጋር? ከራሴ ጋር?»

ከፈለኝ ግብዣው በስሙ ሲመጣለት ለይምሰል እንኳ አላንገራገረም። ሳህሉ ስንቁንና ካፖርቱን ተሸክሞ አማን ሲያደርስለት፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንተና እኔን ምን ለየን? ሕፃኑን በቪዲዮ አሳይሃለሁ» አለው። ካፖርቱን ለበሰው። ልክክ አለለት።

«የማነው ምርጫ!» አለ ከፈለኝ። «በል ና፣ ለቪዛው ጉርድ ፎቶ ልነሣ፤ አብረን እንሂድ።»

ለብሶት መንገዱን ተያያዘው። ሰው ሰላም ሲለው «ኖርዌይ ልጄ ጋ» ይላል። ሳህሉ ከኋላ ይከተላል።

ፎቶ ቤት ሲደርሱ ፎቶ አንሺው «ካፖርቱን ያውልቁ፣ አንገትዎ አይታይም» አለ። ከፈለኝ አወለቀና፣ ዞር ብሎም ሳያይ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያዝልኝ።»

ሳህሉ ተቀበለ። የወንድሙ ሙቀት ገና አልለቀቀውም። ከመጋረጃው ወዲህ፣ ካፖርቱን በሁለት እጁ እንደታቀፈ፣ የካሜራው ብርሃን ብልጭ እስኪል ቆሞ ጠበቀ።