በሂተር የሞቀ ታብላ

ሀብተማርያም በሰው አገር፣ ከዌስተን ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለውን አዳራሽ ሲጠብቅና ሲጠርግ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ሕንፃው የቆመው በሱ ትከሻ ነው። የከበሮ ነገር ከተነሳማ አለቀ! በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ሲመታ፣ ለጥምቀት የወጣ አርባ ሺህ ሕዝብ አብሮት ይወዛወዝ ነበር። አምና ሲያወራው ሠላሳ ሺህ ነበሩ።

ያን ቅዳሜ፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በሚደርቅበት ብርድ፣ ከቀትር በኋላ ላለው የሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት ሁለት አዛውንቶች መጡ። ማላቲ ዘፋኝ ናቸው፤ ዙበይር ደግሞ በጣት የሚመታውን ጥንድ ከበሮ፣ ታብላውን፣ ይመቱላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ከለንደን እስከ ቶኪዮ አብረው ዞረዋል። ሰኞ ግን ማላቲ ቀዶ ጥገና ይገባሉ፤ የጉሮሯቸው ካንሰር ከነድምፃቸው ሊወጣ ነው። የዛሬው የመጨረሻቸው ነው። በየአገሩ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚከታተላቸው ሰው ብዛት፣ ሀብተማርያም እንኳ ሊጨምርበት ያልደፈረው ነበር።

ዙበይር ከጥንዱ አንደኛውን ከጨርቁ ገልጠው አሳዩት።

«የማላቲ ድምፅ በሕመሙ ወርዷል። አሁን ከሳቸው ድምፅ ጋር የሚገጥመው ይሄ ብቻ ነው፤ ካገር ቤት ያሠራሁት። ከብርድ ስለገባ ቀስ ብሎ ክፍሉን ይልመድ። ማንም አይንካው፣ ወንድሜ።»

«ለኔ ነው የሚነግሩኝ?» አለ ሀብተማርያም ደረቱን ነፍቶ። «እኔ እኮ ከቆዳ ጋር ነው ያደግሁት!»

«ጫማ ትሰፋ ነበር እንዴ?» አለችው ትኬት የምትቀበለው ጸሐይወርቅ ባማርኛ።

«አንቺ በርሽን ጠብቂ!»

አዛውንቶቹ መድረኩን ለማየት ሲወጡ ታብላውን በጣቱ ነካ አደረገው። ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ። አዘነለት። ከበሮ ብርድ ሲገባው እሳት ዳር ይሞቃል፤ ያኔ ድምፁ ይመለሳል። ይህን ለማወቅ ማንን ይጠይቃል? ከቢሮ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን፣ ሂተሩን፣ ጎትቶ አመጣና ከቆዳው አንድ ስንዝር ላይ አቆመው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲነካው እንደ ደወል ጮኸ። ሽማግሌው ሲሰሙት እንዴት እንደሚመርቁት እያሰበ ጨርቁን መልሶ አለበሰው።

መድረክ ላይ ዙበይር ግንባራቸውን ቋጠሩ። ድምፁ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። በትንሿ መዶሻ ጠርዙን ከሥር ወደ ላይ መታ መታ እያደረጉ እንደምንም አወረዱት። ማላቲ ጀመሩ። መጀመሪያው ያለ ምት የሚዜም ነው፤ ድምፃቸው ብቻውን ስምንት ደቂቃ እንደ ጭስ ዞረ። ሀብተማርያም ከመጋረጃው ጀርባ ታብላው እስኪገባ ጠበቀ። ቀጥሎ ታብላው የሚገባበት ደረሰ፤ ዙበይር እጃቸውን አነሡና መቱ።

ቆዳው ጧ ብሎ ተቀደደ።

ማላቲ አላቋረጡም። ዙበይር ምቱን በጭናቸው ላይ እየቆጠሩ ሊያግዟቸው ሞከሩ፤ ድምፃቸው ግን የሚያርፍበትን ፈልጎ አጣ፤ አንዴ ሳተ፣ ደግሞ ሳተ። አንድ ሰዓት ሊዘፍኑ የመጡት ሴትዮ ባሥራ አንድ ደቂቃ እጅ ነሥተው ተነሡ።

ከመድረክ ጀርባ ዙበይር የተቀደደውን ታቅፈው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ። መዶሻውን አበዛሁት። እጄ ነው የገደለው።»

«ሠላሳ ዓመት ያልሳተ እጅ፣» አሉ ማላቲ በሹክሹክታ። «አንዴ ቢስት ምናለ?» ፈገግ ለማለት ሞክረው ተዉት።

ጸሐይወርቅ ኮት ልታቀብል ገባች። ዐይኗ ግድግዳው ሥር አረፈ።

«ሀብቴ፣ ሂተሩን ማነው እዚህ ያመጣው?»

«ምን አለች?» አሉ ዙበይር ቀና ብለው።

ሀብተማርያም አፉን ከፈተ። አርባ ሺህ ሰው ያስወዛወዘው ሰውዬ አንዲት እውነተኛ ቃል ፈለገ።

«በረደኝ ነው የምትለው፣» አለ በእንግሊዝኛ።

ሽማግሌው ታብላውን በጥንቃቄ አስቀመጡና የትከሻቸውን ሻል አውልቀው ለጸሐይወርቅ ደረቡላት።

«አይዞሽ ልጄ፣» አሉ። «ብርዱ ለሁላችንም ክፉ ነው።»

ጸሐይወርቅ ሻሉን በሁለት እጇ እንደያዘች ሀብተማርያምን አየችው። እሱ ሂተሩን አንሥቶ ወጣ፤ ገና ይሞቅ ነበር።

ዛሬም ስለዚያ ቅዳሜ ሲጠይቁት፣ ስንት ሰው እንደነበር እንኳ ቁጥር አይጠራም።