አመሰግናለሁ ያለ ዕለት

«አመሰግናለሁ» ብላ ጎረቤቷ ኦብዱሊያ የቀንድ ዋንጫውን ለሴልሳ መለሰችላት። ሴልሳ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ድንገት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ደጃፏ ካለው ማንጎ ሥር ወንበር ዘርግተው የተቀመጡት ለቀስተኞች ደነገጡ። ጸሎቱ ገና አልተጀመረም። ባሏ ኤላዲዮ ከተቀበረ ወዲህ ሰፈርተኛው በየቀኑ አመሻሹ ላይ እየተሰበሰበ ነፍሱን በጸሎት ይሸኛል፤ እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ ደንቡ ይኸው ነው።

«አይዞሽ እትዬ ሴልሳ፣ አይዞሽ» አለች አንዷ ጎረቤት። «ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር።»

ሴልሳ ራሷን ነቀነቀች። ያስለቀሳት ግን ደግነቱ አልነበረም። ያስለቀሳት ቃሉ ነው።

በከተማችን በአሱንሲዮን ተሬሬ የምንለውን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ የጠጣ ሁሉ ደንቡን ያውቀዋል። ቀጂዋ ናና የተወቀጠበትን የበረዶ ውሃ ዋንጫው ውስጥ ካለው ቅጠል ላይ ታፈሳለች፤ አንዱ በብረት መምጠጫው ይጠጣና ይመልሳል፤ ዋንጫው እንዲህ እየተቀዳ ይዞራል። ዝም ብሎ የመለሰ ተራው ሲደርስ ይደገምለታል። «አመሰግናለሁ» ያለ ግን አበቃ፣ በቃኝ ማለቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢለምንም አይቀዳለትም። ኤላዲዮ ታዲያ ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ቃል ብሏት አያውቅም። ውሃው ያልቃል እንጂ እሱ በቃኝ አይልም። የተረፈውን ጭላጭ ማንጎው ሥር ይደፋና «ይኼም እንደኔው ነው፣ ማመስገን አልለመደበትም» እያለ ያሾፍ ነበር።

በሞተበት ቀን ጠዋት ግን አላት።

ያን ጠዋት ተጣልተው ነበር። በምን ይጣላሉ፣ በማንጎው ነዋ! መንገዳችን ዳርና ዳሩን ማንጎ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ከላይ ተቃቅፈው በበጋ እንኳ ፀሐይ አያገኘንም። አላፊ አግዳሚው «እናንተስ ገነት ውስጥ ነው የምትኖሩት» ይለናል። ገነትን ማን እንደሚጠርጋት ግን የሚጠይቅ የለም። ሴልሳ ናት የምትጠርገው! ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ዝንብ የወረረውን የበሰበሰ ፍሬ። ሥሩ የደጇን ንጣፍ ፈንቅሎታል። ታኅሣሥ ሲመጣማ ፍሬው ጣሪያው ላይ እየወደቀ ሰው ከእንቅልፉ ይባንናል።

«ስማ አንተ ሽማግሌ!» አለችው ያን ጠዋት፣ መጥረጊያዋን ወርውራ። «ወይ እኔን ወይ ይኼን ዛፍ ምረጥ! ወገቤ ሲቆረጥ አይታይህም?»

ኤላዲዮ አፉን ከፈት አደረገና ተወው። ከዋንጫው ጥቂት ጠጥቶ መለሰላት።

«አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ጋደም ልበል ብሎ ገባ፤ በዚያው ቀረ።

«በቃሽኝ ብሎኝ ሞተ»፤ ሴልሳን የሚያንገበግባት ይህ ነበር። ለማን ትንገረው? ሰው ሁሉ ባሏን ሲያወድስላት «እኔን ግን በቃሽኝ ብሎኛል» ትበል? ዋጥ አድርጋው ተቀመጠች።

ጸሎቱ አልቆ ሰዉ የታደለውን የአይብ ዳቦ፣ ቺፓውን፣ በእጁ እንደያዘ ሲበተን፣ ልጇ ሊሳንድሮ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ዘጠኙ ቀን ሲያልቅ ዛፉን የሚቆርጡ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ።»

«ምን አልክ?»

«አባዬ ነው ያዘዘኝ። ለሞተ ሰው የገባሁት ቃል ነውና እንዳትቆጪኝ።»

«መቼ ነው ያዘዘህ?»

«ሊሞት ሲል፣ በዋዜማው። ደውሎ ‹የእናትህ ወገብ አለቀ። እኔ ጥላውን ጠግቤዋለሁ፣ አሁን እሷ ትረፍ› አለኝ። ላስደንቃት ብሎ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

በዋዜማው! ሴልሳ ስትጮህበት እኮ እሱ አስቀድሞ ተሸንፎላት ነበር። ያቺ ጠዋት እንደገና ፊቷ ድቅን አለች፤ ዋንጫውን ሲመልስላት ዓይኑ የት ነበር? እሷ ላይ አልነበረም። ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን ያይ ነበር። እሷ በንዴቷ ኩርፊያ መስሏት ነበር።

«ኦብዱሊያ!» ብላ ተጣራች። ወንበር ስታጣጥፍ የነበረችው ጎረቤቷ መጣች። ሴልሳ ያን ሁሉ ቀን የዋጠችውን አንድ ሳታስቀር አወጣችላት።

«ለዛፉ ነው ለካ ያለው» አለች በመጨረሻ። «ዛፉን ነው የተሰናበተው።» እፎይ እንደማለት አለችና መልሳ ተቆጣች። «ለዛፍ ‹አመሰግናለሁ› ይባላል! እኔስ? ዕድሜዬን ሙሉ ስቀዳለት፣ ስጠርግለት፣ አንድ ቀን እንኳ! አንድ ቀን!»

ኦብዱሊያ ሳቋ አመለጣት። በለቅሶ ቤት እንዲህ አይሳቅም፤ ሊሳንድሮ እንኳ አፈረላት።

«አንቺ ሞኝ! ሰውየው ዛፉን ጠገበው፣ ስለዚህ በቃኝ አለው። አንቺንማ መቼ ጠግቦሽ!»

ሴልሳ ነጠላ ጫማዋ አጠገብ የወደቀውን መሐረብ አንሥታ አፏን ሸፈነች። ሳቋና ለቅሶዋ ተደባልቀው አብረው ወጡ፤ ኦብዱሊያም አንገቷን አቅፋት አብራት አለቀሰች።

የመጨረሻው ቀን ጸሎት አልቆ ሻማው ሲጠፋ ሊሳንድሮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እና ሰዎቹን ልጥራቸው?»

«ተዋቸው።»

«ቃሌስ፣ እማዬ?»

«አባትህ ለኔ ብሎ ነው የፈቀደው። እኔ ደግሞ አልፈልግም ብያለሁ፤ ጣጣው በኔና በሱ መካከል ነው። አንተ ጠንካራ መጥረጊያ ግዛልኝ። እሁድ እሁድ ደግሞ እየመጣህ ትጠርጋለህ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ቅዱስ ጴጥሮስ?»

በማግስቱ ጠዋት ሴልሳ እንደ ልማዷ ሁለቱንም ወንበሮች አወጣች። ቅጠሉ መንገዱን ሞልቶታል፤ ይቆይ ብላ ተቀመጠች። ናናውን ወቀጠች፣ በረዶውን ጨመረች፣ የመጀመሪያውን ራሷ ጠጣች። ሁለተኛውን ቀድታ ወደ ጎን ዘረጋችው። እጇ ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ቀረ። እንዲያም ሆኖ አልሰበሰበችውም።

ቆይታ ጎንበስ አለችና ዋንጫውን ማንጎው ሥር አፈሰሰችው። የደረቀው አፈር ወዲያው መጠጠው። ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች።

አመሰግናለሁ ያለ የለም።

ደግማ ቀዳች።