ከዝምታው በኋላ ያለው

ዝምታ ይጻፋል እንዴ? እኔ መልሱን አላውቀውም፤ ልጄን እንዳልጠይቀው ደግሞ ከኮንሰርቱ ወዲህ አፉን አይከፍትልኝም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙዚቃ ያስተምራል። ተማሪዎቹ «መምህር ቀስ በሉ» ይሉታል፤ ሲያስተምር ከአፉ የማይጠፋ ቃል ነው። ከእሱ እጅ የወጡት ልጆች ዛሬ ስማቸው ገኗል፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ዜማቸው ይሰማል። የእሱ ድርሰት ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልሎ አቧራ ይጠጣል። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ከፒያኖው በቀር የሚያወጋው የለም። እኔማ ምን አውቄ! «በላህ? ደረብክ?» ከማለት አላልፍ።

ዘንድሮ ግን የዩኒቨርሲቲው ኦርኬስትራ የእሱን ሥራ ሊጫወትለት ሆነ። እሱ ምግብ አልወርድ አለው፤ እኔ ኮቱን ደጋግሜ ተኮስኩ።

«እማዬ፣ ኮቱ እኮ አይዘፍንም፤ ይበቃዋል» አለኝ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

አዳራሹ ውስጥ ከልጅ ልጄ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶን ተጫዋቾቹን ይመራል። ሙዚቃው ቀጠነ፣ ቀጠነና ጸጥ አለ። ልጄ እጁን እንዳነሳ ቀረ። የሚያጨበጭብ የለም! ከኋላዬ አንዱ ሳለ። ያን ሁሉ ዘመን ለፍቶ፣ ዓይኔ እያየ ሊዋረድብኝ ነው? አላስችል አለኝና አጨበጨብኩ። አዳራሹ በሙሉ ተከተለኝ።

«አያቴ! ኧረ አላለቀም!» የልጅ ልጄ እጄን ለቀም አደረገችው። ምን ዋጋ አለው፤ ሰው ሁሉ ብድግ ብሏል። ተጫዋቾቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። አንዷ ተነስታ እጅ ነሳች፤ ሌሎቹም ተነሱ። ልጄ እጁን ቀስ ብሎ አወረደና ዞሮ እጅ ነሳ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የልጅ ልጄ፣ «አባዬ፣ ዋናው እኮ ከዝምታው በኋላ ያለው ነበር» አለችው።

«ሰዉ ወዶታል።»

«ማን እንደጀመረው ታውቃለህ?»

«የእማዬን ጭብጨባ? ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

ዛሬ ጠዋት ፒያኖው ፊት ተቀመጠ። ከማድ ቤት ወጥቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ያው ሙዚቃ ነው። ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጸጥ አለ። እጆቼን ብብቴ ሥር ወሸቅኳቸው፤ ትንፋሼንም ዋጥኩ። እስኪመሽም ቢሆን እጠብቃለሁ፤ ብቻ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዴ ያሰማኝ።

ጣቶቹ ፒያኖው ላይ እንዳሉ ቆዩ። ከዚያ ክዳኑን ገጠመው፤ ቦርሳውን አንስቶ፣ ያቀረብኩለትን ቁርስ ዞር ብሎም ሳያይ፣ በአጠገቤ አልፎ ሄደ።